የሞቃትና የቀዝቃዛ ውሃ ዓሦች አያያዝ በቤት ውስጥ አኳሪየም

ለቤት አኳሪየም የሚሸጡ ዓሦች በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። የሞቃት ውሃ ዓሦች የሚባሉት እንደ ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ፣ ኒዮን ቴትራ፣ ቤታና ኤንጅልፊሽ ያሉት ሲሆኑ አብዛኞቹ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ውሃ ይስማማቸዋል። ከቀዝቃዛ ውሃ ዓሦች በብዛት የሚታወቀው ጎልድፊሽ ነው፤ እሱም ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። የዓሣ የሰውነት ሙቀት የሚኖርበት ውሃ ሙቀት ነው። ምግብ የሚፈጨው፣ የሚተነፍሰውና በሽታ የሚከላከለው በዚያው ልክ በመሆኑ፣ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ማሞቂያ በመግዛትና ባለመግዛት አያበቃም። የገንዳው ስፋት፣ የማጣሪያው ጉልበት፣ የምግቡ ዓይነትና የበሽታው ሕክምና ሁሉ ይለያያል።

ጎልድፊሽ ማሞቂያ ስለማይፈልግ ቀላል ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ትልቅ ገንዳና ብዙ የሚቀየር ውሃ ይፈልጋል። የሞቃት ውሃ ትንንሽ ዓሦች በአንጻሩ ጥቂት ውሃ ይበቃቸዋል፤ የሚቸግራቸው መብራት ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ዓሣ ከመመረጡ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ በቤቱ ይበልጥ የሚያስቸግረው የመብራት መጥፋት ነው ወይስ የውሃ መጥፋት የሚለው ነው።

1. የክፍሉን ሙቀት መለካት

ገንዳው ሊቀመጥ በታሰበበት ቦታ በባልዲ ውሃ አስቀምጦ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት ከፀሐይ መውጣት በፊትና ከሰዓት በኋላ በቴርሞሜትር መለካት ያስፈልጋል። ማሞቂያ የሌለው ውሃ ከክፍሉ አማካይ ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ የሳምንቱ መዝገብም የትኛው ዓሣ ያለ ብዙ ወጪ ሊኖር እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃንና መሰል ደጋ ከተሞች ውስጥ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ስለሚሆን ለጎልድፊሽ የተመቸ ነው። ድሬዳዋና ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ማሞቂያው ለሞቃት ውሃ ዓሦች እንኳ አብዛኛውን ዓመት ሥራ ፈት ነው፣ ጎልድፊሽ ግን በሙቀት ይጎሳቆላል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በመካከል ስለሆኑ መለካቱ በተለይ እዚያ ይጠቅማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ መለካት ያለበት ኤሲው በርቶም ጠፍቶም ነው፤ ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲሄድ ኤሲው ከተዘጋ የገንዳው ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።

የተለመደው ስህተት በቀትር ብቻ መለካት ነው። በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከሐምሌ ቀን የከፋ ብርድ አለው። በቀንና በሌሊት መካከል ከ3 ዲግሪ በላይ ልዩነት ከታየ ቦታው መለወጥ አለበት፤ በተለይ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ሥር ለሁለቱም ወገን አይሆንም። ውሃውን በቀን ያሞቀዋል፣ አልጌም ያፈላበታል።

2. የገንዳውን ስፋት መወሰን

ለ8 ወይም ለ10 ኒዮን ቴትራ፣ ወይም ለጥቂት ጋፒዎች 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል። ለጎልድፊሽ ሒሳቡ ሌላ ነው። ክብ ሆድና ድርብ ጅራት ያላቸው ዓይነቶች ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ያድጋሉ፤ ለመጀመሪያው ዓሣ 75 ሊትር ያህል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓሣ ደግሞ 40 ሊትር ያህል መታሰብ አለበት። ቀጥ ያለ ሰውነትና ነጠላ ጅራት ያለው ተራ ጎልድፊሽ እስከ 30 ሴንቲሜትር ሊደርስ ስለሚችል ቦታው የግቢ ኩሬ እንጂ ሳሎን አይደለም። ሱቅ ውስጥ የሚታየው ጣት የሚያህል ዓሣ ገና ሕፃን ነው። በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

ክቡ የመስታወት ሳህን ለማንኛቸውም አይሆንም። ማጣሪያ አይገባበትም፣ ውሃው በፍጥነት ይቆሽሻል፣ እስከ አፉ ሲሞላ ደግሞ አየር የሚያገኘው የውሃ ገጽ ይጠባል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለደጋ ነዋሪ ከሌላው ይበልጥ ያሳስበዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 26 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ያህል ነው፤ በ19 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7 ይጠጋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ በዚህ ገንዳ 20 ዓሣ ይኖራል ሲል፣ ደጋ ላይ ቁጥሩን ቀንሶ መጀመር ያዋጣል። ሲመረጥም ከረጅምና ጠባብ ገንዳ ይልቅ ዝቅና ሰፋ ያለው ይሻላል።

100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከ120 ኪሎ ያልፋል። የቺፕውድ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይህን ክብደት ለዓመታት አይችልም። የብረት ወይም የጠንካራ እንጨት ማስቀመጫ በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ከገንዳው ሥር ስስ ፎም ይነጠፋል።

3. ማሞቂያ፣ ማጣሪያና አየር

የማሞቂያ ጉልበት የሚሰላው በክፍሉና በሚፈለገው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ከሆነ ለአንድ ሊትር 1 ዋት ይበቃል። በአዲስ አበባ ሌሊት 16 ዲግሪ የሚወርድ ክፍል ውስጥ ውሃውን 26 ላይ ለማቆየት ግን ወደ 2 ዋት መጠጋት አለበት፤ ለ60 ሊትር 100 ወይም 120 ዋት ማለት ነው። ከአንድ ባለ 100 ዋት ይልቅ ሁለት ባለ 50 ዋት መግዛት የተሻለ ነው። ማሞቂያ ሲበላሽ ወይ ይጠፋል፣ ወይ አልጠፋ ብሎ ይቀራል፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ገንዳውን ያቆየዋል፣ አንዱ አልጠፋ ቢልም ብቻውን ዓሦቹን የሚቀቅል ጉልበት አይኖረውም። 100 ዋት ማሞቂያ የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ወጪው ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ይታሰብ።

ጎልድፊሽን ይህ ሁሉ ባይመለከተውም ብዙ ስለሚበላና ብዙ ስለሚያወጣ ማጣሪያው ጠንከር ማለት አለበት። ለሞቃት ውሃ ዓሦች በሰዓት የገንዳውን ውሃ 4 ጊዜ የሚያዞር ማጣሪያ ሲበቃ፣ ለጎልድፊሽ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይመከራል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው መጠን ማጣሪያው ንጹሕ እያለ የሚሰጠው ነው፤ ስፖንጁ ሲቆሽሽ ይቀንሳል። ቤታ ረጅም ክንፍ ስላለው ከኃይለኛ ፍሰት ጋር አይስማማም፤ ለእሱ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይመረጣል። የአየር ፓምፕ ለሌሎቹም በደጋ ቅንጦት አይደለም።

ሽቦዎቹ ወደ ሶኬት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ተንጠልጥለው መታጠፍ አለባቸው። እንዲያ ካልሆነ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ በቀጥታ ሶኬት ውስጥ ይገባል። ዲቫይደርም መሬት ላይ አይቀመጥም።

4. ውሃውን ማዘጋጀት

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፣ የማጣሪያውን ባክቴሪያም ይገድላል። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ክፍት ሆኖ 24 ሰዓት ከቆየ አብዛኛው ክሎሪን ይተናል፤ አየር ፓምፕ ቢገባበት ደግሞ ይፈጥናል። ክሎራሚን የሚጠቀሙ ከተሞች ግን አሉ፤ በአሜሪካ ብዙ ናቸው፣ እሱ በማቆየት አይጠፋም። እዚያ የሚኖር ሰው ክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ መግዛት አለበት። በሮቶ የተጠራቀመ ውሃ ክዳኑ ዝግ ስለሆነ ክሎሪኑ ጨርሶ አልወጣ ይሆናል፤ ባልዲ ውስጥ ማቆየቱ አይቀርም። በዚንክ በተለበጠ የቆርቆሮ በርሜል የቆየ ውሃ ግን አይወሰድም፣ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው።

የውሃውን አሲዳማነት በሚያሳየው የፒኤች መለኪያ ጎልድፊሽ፣ ጋፒና ሞሊ ከ7 እስከ 8፣ ኒዮን ቴትራ ከ6 እስከ 7 ያለ ውሃ ይወዳሉ። ፒኤችን በኬሚካል ከፍ ዝቅ ማድረግ ዓሣን ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ ነው። ከቤቱ ውሃ ጋር የሚስማማ ዓሣ መምረጥ ይቀላል።

5. ማጣሪያውን ማብሰል (ባክቴሪያ ማራባት)

ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ደረጃ ነው፤ አዲስ ገንዳ ላይ ከሚሞቱት ዓሦች አብዛኞቹም ይህ ስለሚዘለል ይሞታሉ። ከዓሣ የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በትንሽ መጠን ይገድላሉ፤ ሦስተኛው ብዙም ጉዳት የለውም፣ በውሃ ቅያሬ ይወገዳል። ባዶው ገንዳ ማጣሪያው እየሠራ በየቀኑ ጥቂት ቁንጥር ምግብ ይጨመርበታል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ስለሚሆን ባክቴሪያው የሚበላው ያገኛል። በ26 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በ18 ዲግሪ ባክቴሪያው በዝግታ ስለሚራባ ጊዜው ይረዝማል። ለጎልድፊሽ ገንዳ ከወዳጅ ማሞቂያ ተውሶ በዚህ ወቅት ብቻ ውሃውን 26 ላይ ማቆየት፣ ሲጨርስ ማውጣት ይቻላል። ከሚሠራ ጤነኛ ገንዳ የተወሰደ የቆሸሸ ስፖንጅ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ነገሩ በሳምንታት ያጥራል።

መጨረሱ የሚታወቀው በመመርመሪያ ነው፦ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ ሲገኝ። ውሃው ለዓይን መጥራቱ ምንም አይናገርም፤ እንደ ብርሌ የጠራ ውሃ አሞኒያ ሊኖርበት ይችላል። ለፕላስቲክ ቤተ መንግሥትና ለባለ ቀለም ጠጠር የሚወጣው ገንዘብ ለመመርመሪያው ቢውል ይሻላል።

የአሞኒያ መርዛማነት ሙቀትና ፒኤች ሲጨምሩ ይጨምራል። ፒኤች 8 በሆነ ውሃ በ25 ዲግሪ ያለው መርዛማ ድርሻ በ15 ዲግሪ ካለው እጥፍ ያህል ነው። የሞቃት ውሃ ገንዳ ስህተትን ቶሎ የሚቀጣው በዚህ ምክንያት ነው።

6. ዓሦቹን መምረጥና ማስገባት

ሁለቱን ወገኖች በአንድ ገንዳ መቀላቀል በመካከለኛ ሙቀት የሚፈታ ነገር አይደለም። 22 ዲግሪ ላይ ቤታና ኤንጅልፊሽ ይደነዝዛሉ፤ ለበሽታም ይጋለጣሉ። ጎልድፊሽ አፉ የሚበቃውን ሁሉ ስለሚውጥ ኒዮን ቴትራ ለእሱ ምግብ ነው። ኮሪዶራስ የሚባለውን ትንሽ የወለል ዓሣ ለመዋጥ ሲሞክር ደግሞ የዓሣው እሾህ ጉሮሮው ላይ ይሰካል። መስታወት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮም ሌሊት የጎልድፊሽን ገላ ልጦ ሊበላ ይችላል።

ደጋ ላይ ለሚኖር፣ ለትልቅ ገንዳ ቦታ ለሌለው፣ በማሞቂያም ለማይተማመን ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሱቆች ብዙም አያነሱትም። ዋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከ18 እስከ 22፣ ዜብራ ዳንዮ ደግሞ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ያለ ችግር ይኖራሉ። ሁለቱም ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆኑ 60 ሊትር ለ8 ወይም ለ10 ይበቃል። በመንጋ የሚኖሩ በመሆናቸው ከ6 ባነሰ ቁጥር አይገዙም።

ዓሣው ከነፌስታሉ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በየ5 ደቂቃው ከገንዳው ውሃ በስኒ እየተጨመረ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሲያበቃ ዓሣው በመረብ ተይዞ ይገባል፣ የሱቁ ውሃ ግን ይደፋል፤ ከእሱ ጋር በሽታ ሊመጣ ይችላል። ሁሉም ዓሣ በአንድ ቀን አይገባም። ባክቴሪያው ከጭነቱ ጋር እንዲስተካከል በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል።

7. መመገብ

ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። ምግብ በአንጀቱ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ ሰው ወደ ገንዳው በቀረበ ቁጥር መጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ይህን ልመና የሚያምን ቤተሰብ ማጣሪያውን ያጨናንቃል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ይበቃዋል። የአትክልት ድርሻ ስለሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የተቀቀለና የተላጠ አተር ይሰጠዋል። ደረቁ እንክብል ውስጡ አብጦ ክብ ሆድ ያላቸውን ዓይነቶች ሚዛን እንዳያሳጣቸው፣ ከመሰጠቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በውሃ ይነከራል። አብዛኞቹ የሞቃት ውሃ ዓሦች ይበልጥ የእንስሳ ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ አፋቸው ትንሽ ስለሆነ ምግቡ በጣት መፈርፈር አለበት። ለጎልድፊሽ የተዘጋጀው ለእነሱ፣ የእነሱም ለእሱ የዘወትር ምግብ አይሆንም።

ቅዝቃዜ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ የጎልድፊሽ ምግብ በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ10 በታች ጨርሶ ይቆማል። እንጀራና ዳቦ ለማንኛቸውም አይሰጥም።

8. የሳምንቱ ሥራ

ለሞቃት ውሃ ገንዳ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡ፣ ለጎልድፊሽ ከ40 በመቶ ያላነሰ ይቀየራል። ባለ 60 ሊትር የሞቃት ውሃ ገንዳ 15 ሊትር ሲጠይቅ፣ ሁለት ጎልድፊሽ ያሉበት ባለ 120 ሊትር ገንዳ ወደ 50 ሊትር ማለትም ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይወስዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። የሚወጣው ውሃ ግን አይባክንም፤ ለአትክልት እንደ ማዳበሪያ ነው።

ማሞቂያው ውሃው ከመቀነሱ 15 ደቂቃ በፊት ከሶኬት ይነቀላል፤ ትኩስ መስታወቱ አየር ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ውሃው ከጠጠሩ ውስጥ በጎማ ይሳባል፤ ቆሻሻው ያለው እዚያ ነውና። የሚገባው ውሃ ሙቀት ከገንዳው በ2 ዲግሪ እንኳ መብለጥ ወይም ማነስ የለበትም። ለሞቃት ውሃ ዓሦች የፈላ ውሃ ባልዲው ውስጥ ይቀላቀላል እንጂ ገንዳው ውስጥ አይጨመርም። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በወጣው ውሃ ነው። ቧንቧ ሥር ማጠብ ለሳምንታት የተለፋበትን ባክቴሪያ በአንድ ደቂቃ ይገድላል።

9. መብራት ሲጠፋ

የሞቃት ውሃ ገንዳ ጎንና ጎኑ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ አናቱ ግን ለአየር ክፍት ይቀራል። ሌሊቱ የሚረዝም ከሆነ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል። ዓላማው 26 ላይ ማቆየት ሳይሆን የሙቀቱን መውረድ ማዘግየት ነው። ከ20 በላይ ከቆየ አብዛኞቹ ያልፉታል። ለጎልድፊሽ የሚያሰጋው አየር ማጣት ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። መብራት እስኪመለስ ለሁለቱም ምግብ አይሰጥም። ማጣሪያው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሲነሳ፣ ውስጡ ዝግ ሆኖ የቆየው ውሃ ይደፋል እንጂ ወደ ገንዳው አይመለስም።

10. ነጭ ነጠብጣብ ሲታይ

ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ ከታየ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ በዓሣው ቆዳ ሥር እያለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ተራብቶ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ተብሎ ሕክምና አይቋረጥም። ሙቀት ይህን ዑደት ያፋጥነዋል፤ ወደ 30 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ መራባቱን ይገታል። ለሞቃት ውሃ ዓሦች ሙቀቱ በቀን ከ2 ዲግሪ ባልበለጠ ወደ 30 ከፍ ተደርጎ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ኦክስጅን ስለሚቀንስ አየር ፓምፑ ያለማቋረጥ ይሠራል። ለጎልድፊሽ ይህ ሙቀት ስለማይመቸው በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው በሌላ ዕቃ ተሟሙቶ በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። በቀዝቃዛ ውሃ ዑደቱ ሳምንታት ስለሚፈጅ ሕክምናውም በዚያው ልክ ይረዝማል። ሁለት ገንዳ ያለው ሰው መረቡንና ባልዲውን መለየት አለበት።

11. ዓሣው ሲበዛ ወይም ሲያድግ

ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይወልዳሉ፤ እንዳይራቡ ወንዶችን ብቻ መግዛት ይበቃል። ጎልድፊሽ ደግሞ ከገንዳው በላይ ያድጋል። ትርፉን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይደረግም። ጎልድፊሽ በብዙ አገሮች ከተለቀቀበት ኩሬ ወጥቶ የአገሬውን ዓሣ የተሻማ ነው፣ ጣናን የመሰለ ሐይቅ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ትርፉ ዓሣ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ ወይም የሚበቃ ገንዳ ላለው ሰው ይሰጣል።